በሰርግ ያላለቀ ኮሜዲ፣ በሰርግ ያለቀ ትራጄዲ፦ ስለ ኤልሳቤጥ ዘመን ተውኔቶች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ብዙ ወዳጆች ልከውልኛል። የእንግሊዙን የኤልሳቤጥ ዘመን ተውኔት በአምስት ነጥብ ጠቅልሎ ለማስረዳት የሚሞክር ጽሑፍ ነው። ተማሪዎች ለፈተና እየተቀባበሉት ነው። የቴአትር ወዳጆችም «አሪፍ ማጠቃለያ» እያሉ ሼር ያደርጉታል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ጸሐፊው ለጉዳዩ ፍቅር እንዳላቸውም ያስታውቃል። ድምዳሜያቸው ግን በአብዛኛው ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። እነዚህን ተውኔቶች ስለምወዳቸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ኮሜዲ በሰርግ፣ ትራጄዲ በሞት ያልቃል፤ ሁለቱ አይደባለቁም። ሁለተኛ፣ ትራጄዲ የነገሥታትና የመኳንንት ነው፤ ተራ ሰው መድረክ ላይ የሚወጣው ለማሳቅ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ሴቶቹን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ስለነበሩ ደራሲዎቹ ሴትን ወይ ታዛዥ ወይ ክፉ አድርገው ብቻ ጻፉ። አራተኛ፣ የትራጄዲ ጀግና ሁሌም በአንድ የባሕርይ ጉድለት ይወድቃል፤ ሐምሌት በማመንታት፣ ሮሚዮ በችኮላ፣ ፋውስተስ በትዕቢት። አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ተመልካቹ ያልተማረና ደምና ቀልድ ብቻ የሚፈልግ ስለነበረ ነው። በመጨረሻም ይህን ቀመር የያዘ ተማሪ ተውኔቶቹን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም ይላሉ።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት አንድ እርማት። ጸሐፊው ኦቴሎንና ማክቤዝን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። ንግሥት ኤልሳቤጥ የሞተችው በ1603 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሁለቱ ተውኔቶች የሚመደቡት ከእሷ ቀጥሎ በነገሠው በጄምስ ዘመን ነው። ግን ይህ የሚገባኝ ስህተት ነው። ሐምሌትም፣ ኦቴሎም፣ ማክቤዝም ለብዙዎቻችን የደረሱን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር ነው፤ ስለዚህ ሦስቱም የአንድ ዘመን ልጆች ይመስሉናል። በዚህ አልሟገትም። የምመልሰው ግን ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 እስከ 1603 በነበሩት ሥራዎች ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። አብዛኞቹ ኮሜዲዎች በጋብቻ ያልቃሉ፤ እውነት ነው። አብዛኞቹ ትራጄዲዎችም መድረኩን በሬሳ ሞልተው ነው የሚዘጉት። «አይደባለቁም» የሚለው ግን አያስኬድም።

የክሪስቶፈር ማርሎን ታምበርሌይን እንውሰድ። የመጀመሪያው ክፍል መድረክ ላይ የወጣው በ1587 ገደማ ነው። በ1590 ሲታተም ሽፋኑ የትራጄዲ ወገን አድርጎ ነው ያቀረበው። ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው? ጀግናው አይሞትም። አይወድቅም። ጠላቶቹን ሁሉ ድል አድርጎ ሰላም ያውጅና ከዜኖክራት ጋር ለመጋባት ይዘጋጃል። አሳታሚው ሪቻርድ ጆንስ ደግሞ በመግቢያው ላይ አንድ ነገር ያምናል። መድረክ ላይ ሲታዩ አንዳንዶች እጅግ የወደዷቸውን የቀልድ ክፍሎች ለቁም ነገሩ አይመጥኑም ብሎ ከመጽሐፉ አውጥቷቸዋል። እንግዲህ የያኔው ተመልካች ያየው ታምበርሌይን እኛ ከምናነበው የበለጠ ሳቅ ነበረው ማለት ነው።

የሼክስፒር «ከንቱ የፍቅር ልፋት» ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኮሜዲ ነው። አንድ ንጉሥና ሦስት ጓደኞቹ አንዲት ልዕልትንና ሦስት አጃቢዎቿን ያፈቅራሉ። ተመልካቹ አራት ሰርግ ሲጠብቅ መልእክተኛ ይገባል። የልዕልቲቱ አባት፣ የፈረንሳይ ንጉሥ፣ ሞቷል። ሳቁ እዚያው ይቆማል። ሴቶቹ ወንዶቹን ለአንድ ዓመት ጠብቁ ብለዋቸው ይሄዳሉ። ከፍቅረኞቹ አንዱ ነገሩ እንደ ድሮ ተውኔት አላለቀም ብሎ ያማርራል። ጸሐፊው የሚያስተምሩንን ቀመር ገጸ ባሕርዩ ራሱ ያውቀዋል። የተሰበረውም ዓይኑ እያየ ነው።

ይህን ከሁሉ አጥርተው የሚያሳዩት ግን በ1595 ገደማ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ሮሚዮና ዡልየት እስከ ሦስተኛው ገቢር ድረስ በኮሜዲ መንገድ ነው የሚሄደው። ወጣቶች ይፋቀራሉ፤ የወላጆች ጠብ እንቅፋት ይሆናል። ወሬ የማይደክማት ሞግዚት አለች። ቀልዱ የማያልቅ መርኩሺዮ የሚባል ጓደኛ አለ። ከዚያ መርኩሺዮ ይወጋል፤ እየሞተም ይቀልዳል። «የመሐል በጋ ሌሊት ሕልም» በበኩሉ ኮሜዲ ሆኖ ሳለ የሚከፈተው በሞት ዛቻ ነው። አንድ አባት ልጄ የመረጥኩላትን አላገባም ብላለችና በአቴና ሕግ ትገደልልኝ ብሎ ገዢው ፊት ይቆማል። በዚያው ኮሜዲ መጨረሻ ላይ አናጢውና ሸማኔው ከጓደኞቻቸው ጋር ተውኔት ያሳያሉ። በግድግዳ የተለያዩ ፍቅረኞች ናቸው። ወንዱ ሞታለች ብሎ ራሱን ይገድላል፤ እሷም ትከተለዋለች። ያው የሮሚዮና የዡልየት ታሪክ ነው። ተመልካቹ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንድ ሰው በአንድ ሰሞን አንዱን ታሪክ ለእንባም ለሳቅም ጻፈው።

መደባለቁ የሼክስፒር ፈጠራም አይደለም። ገጣሚው ፊሊፕ ሲድኒ ነገሥታትንና ቀልደኞችን አንድ መድረክ ላይ ያቀላቅላሉ ብሎ በዘመኑ ደራሲዎች ተቆጥቶ ጽፏል። ሲድኒ የሞተው በ1586 ነው። ማርሎም ሼክስፒርም ገና ስም ሳያወጡ ልማዱ ሰው የሚያስቆጣ ያህል ተስፋፍቶ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ልቆይ፤ በጣም የከነከነኝ እሱ ነው። ተራው ሰው ለሳቅ ብቻ ነው የተፈጠረው ይሉናል። በሐምሌት የመቃብር ቆፋሪዎቹ ያስቃሉ፤ አልክድም። ግን ታምበርሌይን ማን ነው? እረኛ ነው። የእረኛ ልብሱን መድረክ ላይ አውልቆ ጥሎ ነው የጦር ልብስ የሚለብሰው። ይህ እረኛ የት እንደሚደርስ ለማየት ሁለተኛውን ክፍል መክፈት ነው። አንዱ የጦር አለቃው ዓባይን ተከትዬ ወጥቼ ታላቁን ቄስ ዮሐንስን አስገበርኩ፣ አክሊሉንም ወሰድኩ ይላል። አውሮፓውያን ያን ጊዜ ይህን ቄስም ንጉሥም ነው የሚሉትን ሰው በእኛው አገር ነበር የሚፈልጉት። የማርሎው ሌላ ጀግና ዶክተር ፋውስተስስ? መቅድሙ ከዝቅተኛ ቤተሰብ እንደተወለደ ነው የሚነግረን። ማርሎ ራሱም የካንተርበሪ ጫማ ሰፊ ልጅ ነው።

የቶማስ ኪድ «የስፔን ትራጄዲ» ውስጥ አንዲት አጭር ትዕይንት አለች። ሂሮኒሞ ዳኛ ነው። ልጁ ተገድሎበታል፤ ለሰው የሚፈርደው ሰው ለራሱ ፍርድ አጥቷል። ባለጉዳዮች አቤቱታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመሐላቸው አንድ ድሃ ሽማግሌ ዝም ብሎ ይቆማል። ምን ሆነህ ነው ሲባል በወረቀት የጻፈውን ይሰጣል፤ የእሱም ልጅ ተገድሏል። ሂሮኒሞ በሽማግሌው ፊት የራሱን ሐዘን ያያል። ሽማግሌው አያስቅም። የዳኛው ሐዘን የሚለካው በዚያ ድሃ ሐዘን ነው።

«የፋቨርሻሙ አርደን» ደግሞ የጸሐፊውን ነጥብ ብቻውን ያፈርሰዋል። በ1592 ታተመ፤ ደራሲው ስሙን አላኖረም። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ቶማስ አርደን የተባለ የኬንት ባለሀብት በ1551 በገዛ ቤቱ ተገደለ። ያስገደለችው ሚስቱ አሊስ ናት፤ አብሯት የዶለተው ፍቅረኛዋ ሞስቢ ነው። ንጉሥ የለም፤ ዙፋን የለም። ያለው ሳሎን፣ ገበታ፣ አገልጋይና ጎረቤት ነው። የተቀጠሩት ነፍሰ ገዳዮች ደጋግመው ይሳታሉ። አንዱ ሊገድል ሲያደባ የሱቅ ልጅ የመስኮት ሳንቃ ጭንቅላቱ ላይ ይጥልበታል። ተመልካቹ ይስቃል፤ በሳቁ መሐል ደግሞ ሰውየው ወደ ሞቱ እየቀረበ እንደሆነ ያውቃል። በመጨረሻ አርደንን ቤቱ ውስጥ በጨዋታ ላይ ተቀምጦ ሳለ ይገድሉታል። ሬሳውን ወደ ሜዳ ይጎትቱታል። በረዶው ላይ የቀረው ዱካ ያጋልጣቸዋል። ሬሳው የተጣለውም አርደን ከአንድ ሰው በግፍ በወሰደው መሬት ላይ ነው። መዝጊያው ላይ አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይህን ያልተሽሞነሞነ ትራጄዲ ይቅር በሉን ይላል። ደራሲው ልማዱን እያወቀ ነው የተወው።

ኮሜዲው ዘንድም ቢሆን ተራው ሰው መሳቂያ ብቻ አይደለም። የቶማስ ዴከር «የጫማ ሰፊዎች በዓል» በ1599 የተጻፈ ነው። ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር «ጫማ ሰፊ ከንቲባ የሚሆንበት ቀልድ» ብሎ ያልፈዋል። ሳይመን ኤይር ከንቲባ መሆኑ ልክ ነው። ያስቃልም። ግን ራልፍ የት ሄደ?

ራልፍ የኤይር ሠራተኛ ነው። ገና ማግባቱ ነው። ለፈረንሳይ ጦርነት ይመለመላል። ጌታው ኤይርና የሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ተሰብስበው ለጦር አለቃው ለሌሲ ይለምኑለታል፤ እባክህ ይህን ሙሽራ ተውልን። ሌሲ መኳንንት ነው። በእኔ ሥልጣን አይደለም ይላቸዋል። ራልፍ በእጁ የሠራውን ጫማ ለሚስቱ ለጄን ሰጥቶ ይዘምታል። ሌሲ ግን ራሱ ከጦሩ ይጠፋል። የሚወዳት ልጅ ስላለች የሆላንድ ጫማ ሰፊ መስሎ ለንደን ይቀራል። መጨረሻው ምን ሆነ? የከዳው መኳንንት በንጉሡ ምሕረት ያገኛል፤ የሚወዳትንም ያገባል፤ ማዕረግም ይጨመርለታል። ታዝዞ የዘመተው ጫማ ሰፊ እግሩ ተሰብሮ ይመለሳል።

ከዚያም ይብሳል። ሃሞን የተባለ ሀብታም ራልፍ ሞቷል ብሎ ጄንን ሊያገባት ተስማምቷል። ለሰርጓ ጫማ ይሠራላት ተብሎ ልክ የሚሆን አሮጌ ጫማ ወደ ሱቁ ይላካል። የተላከው ለራልፍ እጅ ነው። የራሱን ሥራ ወዲያው ያውቀዋል። ጫማ ሰፊዎቹ ዱላቸውን ይዘው ሰርጉን ያስቆሙታል። ሃሞን ሃያ ፓውንድ ወርቅ አውጥቶ ሚስትህን ሽጥልኝ ይለዋል። አንካሳው ሠራተኛ ጫማ ሰፊ ሚስቱን በገንዘብ የሚለውጥ ወራዳ ይመስልሃል ወይ ብሎ ይመልስለታል። ተውኔቱ ጮክ ብሎ አይከስም። ሌሲንና ራልፍን ጎን ለጎን አቁሞ ለእኛ ይተወዋል። ይህን «ቀልድ» ብሎ ማለፍ ለዴከር በደል ነው።

ሦስተኛው፣ የሴቶቹ ጉዳይ። ወንዶች ልጆች ይጫወቱ እንደነበር ልክ ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ተውኔት የሚኖሩት ሴቶች ጥቂት ናቸው። ጸሐፊው የሐምሌቷን ኦፌሊያንና የ«በከንቱ ብዙ ጫጫታ»ዋን ሄሮን የተጨቆኑ ብለው መጥቀሳቸውም ያስኬዳል። «የኃይለኛዋ ሴት መገራት» የተባለውን ኮሜዲም ልከላከልላቸው አልፈልግም። ኬት በመጨረሻ የምትናገረው የመገዛት ንግግር እኔንም ያስጨንቀኛል።

ግን «ወይ ታዛዥ ወይ ክፉ» ሲሉ ሮዛሊንድን የት አደረጓት? «እንደወደዳችሁት» በተባለው ኮሜዲ ከማንም በላይ የምትናገረው እሷ ናት። ወንድ መስላ ጫካ ትገባለች። የሚወዳትን ልጅ ፍቅር ምን እንደሆነ ታስተምረዋለች፤ ሰው ለትል ምግብ ሆኗል እንጂ በፍቅር የሞተ የለም ትለዋለች። መዝጊያውን ንግግርም የምታደርገው እሷ ናት። አሁን የጸሐፊውን ምክንያት እንገልብጠው። ወንድ ልጅ ሴት ሆኖ ይጫወታል፤ ሴቲቱ ወንድ ትመስላለች፤ ያ «ወንድ» ደግሞ እንደገና ሮዛሊንድን መስሎ ይጫወታል። ይህ ሁሉ ንብርብር የተገኘው ሴት ተዋናይ ስላልነበረ ነው። ጸሐፊው እጥረት ያሉትን ደራሲው ሀብት አደረገው። ጆን ሊሊም በ«ጋላቴያ» ወንድ ልጅ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶችን እርስ በርስ አፋቅሯል። ይህ ከሮዛሊንድ በፊት ነው።

ዡልየትም ታዛዥ አይደለችም። ገና አሥራ አራት ዓመት አልሞላትም። የጋብቻን ነገር የምታነሳው ግን እሷ ናት፤ ሐሳብህ ጋብቻ ከሆነ ነገ ላክብኝ ትለዋለች። በ«የስፔን ትራጄዲ» ቤል-ኢምፔሪያ ታስራ ሳለ በደሟ ደብዳቤ ጽፋ ገዳዮቹን ታጋልጣለች። በመጨረሻም ባልታዛርን በራሷ እጅ ትገድለዋለች። ክፉ ናት? ፍቅረኛዋን የገደለባትን ነው የገደለችው። ታዛዥ ናት? ወንድሟ ለባልታዛር ሊድራት ነበር። ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱም አይበቃትም። «በከንቱ ብዙ ጫጫታ» ውስጥ ቤያትሪስ የአጎቷ ልጅ ሄሮ ሰርጓ ላይ ስትዋረድ፣ ያዋረዳትን ሙሽራ ክላውዲዮን ግደልልኝ ብላ የራሷን ፍቅረኛ ትጠይቀዋለች። ያውም በኮሜዲ፣ ፍቅራቸውን በተገላለጹበት ቅጽበት።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ፈተና ላይ የሚመጣው ነው፤ ስለዚህ ተማሪ ሊያስብበት ይገባል። አንድ ጉድለት መፈለግ ለመነሻ አይከፋም። ሐምሌት ራሱ ስለ መዘግየቱ ራሱን ይወቅሳል። ግን ያው ሐምሌት መጋረጃ ጀርባ ድምፅ ሲሰማ ሳያጣራ ፖሎኒየስን ወግቶ ይገድላል። ባሕር ላይም የወንበዴዎቹ መርከብ ላይ ብቻውን ይዘላል። አጎቱን ወዲያው ያልገደለው የታየው መንፈስ የአባቱ ይሁን የሰይጣን ስላላወቀ ነው። ለዚያም ነው በተውኔት የፈተነው። ይህን ማመንታት ብቻ ብሎ መጥራት ሰውየውን ማሳነስ ነው።

የሮሚዮ ችኮላስ? ይቸኩላል። ያጠፋው ግን ያልደረሰ ደብዳቤ ነው። መልእክቱን የያዘው መነኩሴ ቸነፈር የገባበት ቤት ነበርክ ተብሎ ተጠርጥሮ ተዘጋበት። ለንደን ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ከ1592 እስከ 1594 ባለው ጊዜ ቸነፈር የከተማዋን ቴአትር ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ዘግቷቸው ነበር። ሮሚዮን ያዩ ሰዎች በር ሲታሸግ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። የተዘጋ በር የማን የባሕርይ ጉድለት ነው?

ፋውስተስ ላይ ትዕቢት የሚለው ይበልጥ ይጠጋል፤ መቅድሙም እንደዚያ ይላል። ግን ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ባገኘው ሃያ አራት ዓመት ምን እንደሠራ እንይ። ከጳጳሱ ማዕድ ምግብ ይነጥቃል። ነፍሰ ጡር ለሆነች መስፍን ሚስት በክረምት የወይን ፍሬ ያመጣላታል። ዓለምን እገዛለሁ ያለ ሰው መጫወቻ ሆነ። ልብ የሚሰብረው ይህ ማነስ ነው። ማርሎ «የማልታው አይሁዳዊ» ላይም ባራባስን ስግብግብ አድርጎ ያሳያል፤ ግን የሚጀምረው የማልታ ገዢ ለቱርክ የሚከፍለውን ግብር ከአይሁዶች ንብረት ሲነጥቅ ነው። ባራባስ በኋላ ገዳም ሙሉ ሴቶችን ከነልጁ በመርዝ ይጨርሳል። በተውኔቱ ውስጥ የዘመኑ የአይሁድ ጥላቻ በግልጽ አለ፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም በደሉን ማን እንደጀመረው ማርሎ አልደበቀም።

አምስተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። ደም ይወዱ ነበር፤ «ታይተስ አንድሮኒከስ» ምስክር ነው። በአንድ ፔኒ ቆሞ የሚያየው ሕዝብም ብዙው ፊደል ያልቆጠረ ሳይሆን አይቀርም። ግን ዴከር ያን የጫማ ሰፊዎች ተውኔት የሸጠው ለሮዝ ቴአትር ባለቤት ለፊሊፕ ሄንስሎ ነው። ያው ተውኔት በአዲስ ዓመት ሌሊት በንግሥቲቱ ፊት ታየ። «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት»ን ደግሞ በየካቲት 1602 ያዩት ሚድል ቴምፕል በተባለው የለንደን የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ጆን ማኒንግሃም የወደደውን በማስታወሻው ጽፎ ትቶልናል። አንድ ዓይነት ተውኔት የፔኒውንም ሰው፣ የሕግ ተማሪውንም፣ ንግሥቲቱንም የያዘው ለሁሉም የሚሆን ነገር ስላለው ነው። ደግሞስ ያልተማረ ሰው የሂሮኒሞን ሽማግሌ አይረዳም ያለው ማነው? ልጁ የሞተበት ሰው ለመረዳት ፊደል አያስፈልገውም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ያለኝ ምክር ከጸሐፊው ምክር የተለየ ነው። ቀመሩን ከመሸምደድ በፊት ሁለት ተውኔት ሙሉውን አንብቡ፤ አርደንንና የጫማ ሰፊዎቹን። ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ሁለቱም የሼክስፒር ስም ጥላ ስላረፈባቸው ብዙ ሰው አያነሳቸውም። ጸሐፊውም ፈቃደኛ ከሆኑ አሊስ አርደን በየትኛው ነጥባቸው እንደምትገባ ቢጽፉልን በደስታ አነባለሁ፤ መልስ ካለኝም እመልሳለሁ።